ለፋብሪካ ኮምፒውተር ሲገዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የአንድ ፋብሪካ የስካዳ ኮምፒውተር ሲሞት ነገሩ የታወቀ መንገድ ይሄዳል። ጥገና ክፍል ጥያቄ ይጽፋል። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ፕሮሰሰርና ራም ይነጻጸራል፣ ዋጋው ያነሰው ያሸንፋል። ስካዳ ማለት ኦፕሬተሩ ቦይለሩን፣ ፓምፑን፣ የጠርሙስ ሙሌቱን በስክሪን የሚያይበትና የሚያዝበት ሶፍትዌር ነው። ይህን የሚሸከም ኮምፒውተር ቀርፋፋ ስለሆነ ሲጣል እምብዛም አይታይም። የሚገድለው አቧራ፣ ሙቀት፣ የመብራት መቆራረጥና ዲስክ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ደግሞ ስለ እነዚህ አንድም ቃል የለም።

«ኮምፒውተሩ ከቆመ ፋብሪካው ይቆማል፤ ስለዚህ ኃይለኛው ይገዛ»

በአብዛኛው ፋብሪካ ማሽኑን የሚመራው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ፓነል (የመቆጣጠሪያ ዕቃዎች የሚገጠሙበት ሳጥን) ውስጥ ያለው ፒኤልሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። ቫልቩ መቼ ይከፈት፣ ሞተሩ መቼ ይቁም የሚለውን በሚሊሰከንዶች ውስጥ የሚወስነው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ያሳያል፣ ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ ይመዘግባል። ቢጠፋ ፒኤልሲው ሥራውን ይቀጥላል። ኦፕሬተሩ ግን አላርም አያይም፣ ለሚቀጥለው ምርት የሚያስፈልገውን ቅንብር መላክ አይችልም። መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመውም «ሳናይ አንሠራም» ተብሎ በሰው ውሳኔ ነው። እዚህ የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን አለመጥፋት ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። እንደ ቤክሆፍ ትዊንካት ባሉ ሲስተሞች ኮምፒውተሩ ራሱ የፒኤልሲውን ሥራ ይሠራል። እዚያ ላይ «ተመሳሳይ ነው» የተባለን ማሽን አምጥቶ መተካት አያዋጣም።

«አዲሱና ፈጣኑ ፕሮሰሰር ይሻላል»

መጀመሪያ የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ እንለይ። የኦፕሬተሩ ስክሪን ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ መካከለኛ ፕሮሰሰር ይበቃዋል። የዓመታት መረጃ የሚያከማቸው ሰርቨር የሚፈልገው ጥሩ ዲስክ ነው። ራም የሚበላው የኢንጂነሩ ላፕቶፕ ነው። ለምሳሌ ፒኤልሲ ፕሮግራም የሚደረግበትን የሲመንሱን ቲአይኤ ፖርታል ከ16 ጊጋ ባይት ራም በታች ይዞ ትልቅ ፕሮጀክት መክፈት ትዕግሥት ይፈትናል፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ከሌለማ አይሞከርም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ማሽን መግዛት አንዱ ጋ ገንዘብ ማባከን፣ ሌላው ጋ ማነስ ነው።

ቅደም ተከተሉም ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። መጀመሪያ ሶፍትዌሩና ቨርዥኑ ይታወቅ። ቀጥሎ ያ ቨርዥን የሚደግፈው ዊንዶውስና ዳታቤዝ። ኮምፒውተሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ትናንት ገበያ የገባ ማሽን ለአሮጌው ስካዳ የሚያስፈልገው ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ላይኖረው ይችላል። የጌም ግራፊክስ ካርድማ ለፋብሪካው የሚጨምረው ሙቀት ብቻ ነው።

«ዊንዶውስ ያው ዊንዶውስ ነው»

አይደለም። ሆም የሚባለውን እትም አብዛኞቹ የስካዳ አምራቾች አይደግፉም። የተለመደው የዊንዶውስ 10 ድጋፍም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም ከኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። ከመርካቶ በርካሽ የሚገዛ ያገለገለ 6ኛ ትውልድ ኮምፒውተር እዚህ ላይ ይወድቃል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚስማማው ኤልቲኤስሲ የሚባለው እትም ነው። በየጊዜው አዲስ ነገር አይጨምርም፣ የደህንነት ማስተካከያ ግን ለዓመታት ያገኛል። የዊንዶውስ 10 አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2021 እስከ ጃንዋሪ 2032 ይደገፋል። ክራክ የተደረገውን አላነሳም፤ የትም ፋብሪካ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።

«ፋን የሌለው ስለሆነ የትም ይቀመጣል»

ፋን የሌለው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር ለአቧራ ቦታ ጥሩ ምርጫ ነው። ሲሚንቶ ወይም ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የተራው የቢሮ ኮምፒውተር ፋን አቧራውን ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሮሰሰሩ በብናኝ ይሸፈናል። ፋን የሌለው ግን ሙቀቱን የሚያወጣው በብረት ገላው በኩል ነው። ዙሪያው የሚንቀሳቀስ አየር ያስፈልገዋል። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) እና ፓወር ሰፕላይ የታጨቀበት ዝግ ፓነል ውስጥ ማስገባት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፀሐይ እንደመሞቅ ነው። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲሆን ፓነሉ በቀላሉ ከ40 ያልፋል። ለቢሮ የተሠራ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ፓነሉ ውስጥ አስቀምጡ፤ በቀኑ ሞቃት ሰዓት፣ ማሽኖቹ እየሠሩ።

ለእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታ። ብዙ የኢንዱስትሪ ዕቃዎች ዝርዝር መግለጫቸው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል መስመር አላቸው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ አምራቹም የሚፈቅደውን ከፍተኛ ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ናት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። ብርዷን አይተን «እዚህ ምን ሙቀት አለ» እንላለን፣ ግን የፓነሉ ውስጥ ሌላ ዓለም ነው። ድሬዳዋ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከፍታው አያሰጋም፣ ሙቀቱ ግን ለብቻው ይበቃል።

አይፒ 65 የሚለው ምልክትም ያታልላል። 6ቱ አቧራ ጨርሶ አያስገባም፣ 5ቱ የውሃ ጄት ይችላል ማለት ነው። ፓነል ላይ በሚገጠሙ ስክሪን ያላቸው ኮምፒውተሮች ግን ይህ ብዙውን ጊዜ የፊቱን ብቻ ይመለከታል። ጀርባው ክፍት ነው ሊባል ይችላል። የወተት ፋብሪካ ውስጥ ፓነሉን ከፍታችሁ ወለል በጎማ ካጠባችሁ የፊቱ አይፒ 65 አያድናችሁም።

«ጀነሬተር ስላለን ዩፒኤስ አያስፈልግም»

ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ ነው። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሰከንዶች ያልፋሉ። ኮምፒውተሩ መብራት ሲሄድ የሚታገሠው በሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ዳታቤዙ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በርካሽ ኤስኤስዲ ላይ አደጋው ይብሳል፤ ገና ዲስኩ ላይ ያልሰፈረ መረጃ ይጠፋል። ለሰርቨር የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች መብራት ሲሄድ የጀመሩትን ጽፈው እስኪጨርሱ የሚያቆያቸው ካፓሲተር አላቸው። ዋጋቸው ይጨምራል፣ ያዋጣል። ምን ያህል ቴራ ባይት እንዲጻፍባቸው እንደተሠሩም እዩ፤ ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ ሰርቨር ተራውን ዲስክ ቶሎ ይጨርሳል።

ዩፒኤሱ ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የጀነሬተርን የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ሁልጊዜ አጣርቶ ነው የሚያቀብለው። ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲዘጋ በሚያሳውቅ የዳታ ገመድ ካልተያያዘ ግን ባትሪው ሲያልቅ ያው ድንገት መጥፋት ነው። የኔትወርክ ስዊቹንም አትርሱ። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

«ሲሪያል ፖርት ባይኖረው በዩኤስቢ መቀየሪያ ይፈታል»

ሲሪያል ፖርት መለኪያዎች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙበት የቆየ መሰኪያ ነው። ሞድባስ የሚባለው የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ የተወለደው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም የኃይል ቆጣሪና የሙቀት መለኪያ አርኤስ-485 በሚባል የሲሪያል ሽቦ ያናግራል። ርካሽ መቀየሪያዎች ችግራቸው ብዙ ነው። ሌላ ፖርት ላይ ሲሰኩ ዊንዶውስ የሚሰጣቸው የፖርት ቁጥር (ኮም) ይቀየርና ስካዳው አያገኛቸውም። የኤሌክትሪክ መለያ ስለሌላቸው በረጅም ሽቦ የመጣ የቮልቴጅ ልዩነት ፖርቱን ያቃጥላል። ቺፑ አስመስሎ የተሠራም ሊሆን ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የቺፕ አምራቹ ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ አፕዴት የለቀቀው ድራይቨር አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን ከጥቅም ውጭ አድርጓቸው ነበር። መለያ ያለው የሲሪያል ካርድ ወይም ሲሪያሉን ወደ ኤተርኔት የሚቀይር ዕቃ ይሻላል። ያም ሆነ ይህ ሁለት የኔትወርክ ፖርት ያለው ኮምፒውተር ግዙ፤ የማሽኖቹ መስመር ከቢሮው ይለያል።

«ኢንተርኔት ስለሌለው ቫይረስ አይገባበትም»

በ2010 እ.ኤ.አ. የታወቀው ስታክስኔት የተባለ ቫይረስ የኢራኑን የናታንዝ ኒውክሌር ማዕከል የመታው ያለ ኢንተርኔት ነው፤ ፍላሽ ዲስክ በቂው ነበር። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ የሚዘጉበት መንገድ ያለው ማሽን ምረጡ። አንዳንድ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተሮች የላይሰንስ ቁልፉ የሚሰካበት ዩኤስቢ በውስጣቸው አላቸው፤ የውጪዎቹን ሁሉ መዝጋት ይቻላል።

«ሁለት ዲስክ በሬይድ ስላለው ባክአፕ አያስፈልግም»

እዚህ ሬይድ ማለት አንዱን መረጃ ሁለቱም ዲስክ ላይ መጻፍ ነው፤ አንዱ ዲስክ ሲሞት ያድናል። አንድ ሰው ፕሮጀክቱን ቢሰርዝ ወይም ቫይረስ ቢቆልፈው ግን ሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይጠፋል።

«ተጠባባቂ ኮምፒውተር የተኛ ገንዘብ ነው»

ተራ የሱቅ ሞዴል ከገበያ ቶሎ ይወጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ስትፈልጉ ማዘርቦርዱ ሌላ ነው፤ የተቀመጠው የዲስክ ቅጂም አልነሳ ሊል ይችላል። የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር አምራቾች አንዱን ሞዴል ለዓመታት ማቅረባቸው ለዋጋቸው አንዱ ምክንያት ነው። በጀቱ ካልበቃ አንድ ውድ ከመግዛት ሁለት ተመሳሳይ መካከለኛ መግዛትን እመርጣለሁ፤ አቧራው ከባድ ካልሆነ በቀር። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሻጩን አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ ላይሰንሱ ከኮምፒውተሩ ጋር የታሰረ ነው ወይስ በዩኤስቢ ቁልፍ ይዛወራል? ታስሮ ከሆነ ቅዳሜ ሌሊት ተጠባባቂውን ስታበሩ ሶፍትዌሩ ይነሳና «ላይሰንስ የለም» ይላችኋል። የሻጩ ቢሮ የሚከፈተው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነው።