ኢምብሪዮኒክ ስቴም ሴል ምንድን ነው? ከውርጃ የሚወሰድ ግን አይደለም!

ኧረ ወገን በዛ! "ኢምብሪዮኒክ ስቴም ሴል ማለት ከተወረደ ፅንስ ላይ የሚቆረጥ ነው" እያለ በሙሉ ልቡ የሚያስተምር ሰው አሁንም አየሁ። በዚህ ሴል መመራመር ልክ ነው ልክ አይደለም የሚለውን ሙግት እንደፈለጋችሁ ቀጥሉ፣ ግን በሌለ ነገር አትሟገቱ።

ኢምብሪዮኒክ ስቴም ሴል ማለት ገና ሥራ ያልተመደበለት፣ ቆዳም ጡንቻም ሌላም የሰውነት ሴል መሆን የሚችል ሴል ነው። የሚወጣውም እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው 5 ወይ 6 ቀን ሲሆናቸው ነው። ያኔ ብላስቶሲስት ትባላለች፣ ከ100 እስከ 200 ሴል ገደማ ያላት፣ መሀሏ ውሃ የቋጠረ፣ በአይን ለማየት የምታስቸግር ኳስ። ልብ የለ፣ ነርቭ የለ፣ ማህፀንም ገብታ አታውቅም። የውጪ ሽፋኗ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄድ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ውስጥ በአንድ ጎን ተለጥፈው የሚታዩትን ጥቂት ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዊስኮንሲን ላይ እነ ጄምስ ቶምሰን የመጀመሪያዎቹን 5 የሰው መስመሮች (ላብራቶሪ ውስጥ እየተባዙ የሚኖሩ የሴል ዘሮች) ያወጡት ለአይ ቪ ኤፍ (ላብራቶሪ ውስጥ ለሚደረግ ፅንሰት) ተሠርተው ባለቤቶቹ ለምርምር ከሰጧቸው ፅንሶች ነው።

ሊጥ በሉት። ሊጥ ሳለ ድፎም አምባሻም ይወጣዋል፣ ከተጋገረ አበቃ። ፅንስ ላይ መጋገሩ የሚጀምረው በ3ኛው ሳምንት ነው፣ ሴሎቹ ለቆዳ፣ ለጡንቻ፣ ለአንጀት እየተመደቡ ይሄዳሉ፣ እናትየው ገና የወር አበባዬ ቀረ አልቀረ እያለች። ታዲያ ከውርጃ ይሄን ሴል መፈለግ ከድፎ ላይ ሊጥ ልቁረስ ማለት አይደል? (ጃፓናዊው ተመራማሪ ያማናካ በ2006 የአይጥ ሴል ላይ 4 ጂን ጨምሮ ድፎውን መልሶ ሊጥ አድርጎታል፣ በ2012 ኖቤል ተካፍሏል፣ ግን እሱ ፅንስ አያስፈልገውም።) "ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ፅንስ ይገደላል" ለምትሉም፣ እርሾ የሚባል ነገር አለ እኮ፤ ከእነ ቶምሰን 5 መስመሮች አንዷ፣ የ1998ቷ ኤች 9፣ እየተባዛች ዛሬም ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትዞራለች።

ለሰውዬው ፍትህ ለማድረግ ያህል፣ በዛው 1998 ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ እነ ጆን ጊርሃርት ከተወረደ ፅንስ ሴል አውጥተዋል። እነሱ ግን የመጡት ወደፊት እንቁላል ወይ ዘር ከሚሆኑት ሴሎች ነው፣ ኢምብሪዮኒክ ጀርም ሴል ነው የሚባሉት፣ ሌላ ነገር።

ሌላው ደግሞ ጥሬውን ሊጥ ሰው ላይ አይወጉም፣ መጀመሪያ የተፈለገውን ሴል እንዲሆን ይደረጋል፣ አለዚያ ቴራቶማ የሚባል ፀጉርና ጥርስ ሁሉ ሊያበቅል የሚችል እጢ ይሠራል። "ኢምብሪዮኒክ ስቴም ሴል ለጉልበት ህመም እንወጋለን" የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ የትኛው መስመር እንደሆነና ወደ ምን ሴል እንደተቀየረ ጠይቁት፣ ካልመለሰ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።