መደበኛ ትምህርት ምንድን ነው?

«መደበኛ ትምህርት» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ዩኒፎርም፣ ጥቁር ሰሌዳና ደወል ነው። ይሄ አስተሳሰብ የቆሎ ተማሪውን በድሎታል ባይ ነኝ።

ትምህርትን መደበኛ የሚያሰኘው ሥርዓቱ ነው። ደረጃ አለው፣ ደረጃው በፈተና ይታለፋል፣ መጨረሻው ላይ «ያውቃል» የሚል ምስክር አለ። ኢ-መደበኛው በኑሮ መሀል የሚለመድ ነው። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያደገ ልጅ መወርወሪያውን መቼ እንደለመደው ራሱም አያውቅም። በመሀል ደግሞ ታስቦበት የሚሰጥ፣ ግን ከክፍል ክፍል የማያሻግር ትምህርት አለ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንደዚያ ነበር።

ታዲያ የቆሎ ተማሪው የሚማርበት የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት የቱ ጋ ይመደባል? ልጁ ከፊደል ይጀምራል። አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ እያለ ዳዊት ይደግማል፤ ያኔ ንባብ ቤትን ጨረሰ። ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት አለ። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ሰው ተምሬያለሁ ስላለ ብቻ አይበቃውም፣ ደቡብ ጎንደር ቤተልሔም ድረስ ሄዶ ያስመሰክራል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ቅኔ ቤቱ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ በቀስ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመናትን ቁራሽ ቀምሶ፣ ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ይውላል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ የኔታም ያርሙታል። የትናንቱን መድገም የለም፤ ነገ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። ደረጃ፣ መምህር፣ ፈተና፣ ምስክር፣ ሁሉም አለ። ይሄ መደበኛ ካልሆነ ምን መደበኛ ሊሆን ነው?

ጉድለት የለበትም አልልም። በሩ ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር። ጎጃም ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እንዲህ ጎልቶ የሚነሳው አንድም እንደሳቸው ያሉት ጥቂት ስለሆኑ ነው።

ግን ሃያ ዓመት ከጉባኤ ጉባኤ የዞረ ሊቅ ቅጽ ሲሞላ፣ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው አጠገብ «ማንበብና መጻፍ የሚችል» ተብሎ ሲጻፍለት ያንገበግበኛል።