መድልዎ በማኅበራዊ ሥራ፦ ከእንሰት ቅጠሉ እስከ መዝገቡ

መድልዎ ማለት ሰውን ይገኝበታል በተባለው ወገን መዝኖ የሚገባውን መንፈግ ወይም ከሌላው አሳንሶ መስጠት ነው። ጭፍን ጥላቻ በልብ ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ መድልዎ ግን ድርጊት ስለሆነ ይታያል፣ ይመዘገባል፣ ያስከስሳልም። ልዩ አያያዝ ሁሉ ግን መድልዎ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጎ፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ካለፈው የበታችነት ታሪክ እንዲላቀቁ ተጨማሪ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ይፈቅዳል። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ጉዳዩን ከሕጉ ሰፋ አድርጎ ማየት አለበት፤ ደጃፉ ላይ የሚቆመውን ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ ለችግር የዳረገው ይኸው መገለል ነውና።

በኢትዮጵያ የመድልዎን መልኮች ለማየት ከዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ታሪክ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ማረሻ የሚቀጠቅጠው፣ ምጣድና እንስራ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው ባይኖር ገበሬው አያርስም፣ እመቤቲቱም አትጋግርም። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት ማለት እንዲቀር አዘዋል። ለዘመኑ ደፋር አዋጅ ነበር። የከለከለው ግን ስድቡን ነው፤ ጋብቻውን፣ ማዕዱንና መቃብሩን አልነካም። በወላይታ ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ በጉራጌ ፉጋ የሚባሉት፣ በከፋ ደግሞ በአደን፣ በማገዶና በከሰል ሥራ የሚታወቁት ማንጆዎች ከአዋጁም በኋላ ለብቻቸው ኖረዋል። በከፋ በነበረው ልማድ ማንጆው ደጅ ላይ ተቀምጦ ምግብ ሲሰጠው የሚቀርብለት በእንሰት ቅጠል ነበር፤ በልቶ ሲጨርስ ቅጠሉ ይጣላል፣ የቤቱ ዕቃ በእጁ ሳይነካ ይቀራል። የተሰደበ ሰው የለም፤ ቅጠሉ ግን የሚባለውን ሁሉ ተናግሯል።

የጎንደር ቤተ እስራኤላውያንም ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ናቸው። ወንዶቹ በአንጥረኝነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር በሃይማኖታቸው ላይ የቡዳነት ሐሜት ተደርቦባቸዋል። አብዛኞቹ እስራኤል ከገቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በበሽታ ፍርሃት ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር ተጋልጦ ብዙ ሺህ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ አደባባይ ወጡ። እዚህ በእጃቸው ሥራ፣ እዚያ በደማቸው መጠርጠራቸው የሚያሳየው መድልዎ ሰበቡን እንደየአገሩ መለዋወጡን ነው።

ብሪታንያዊው የማኅበራዊ ሥራ ምሁር ኒል ቶምፕሰን መድልዎን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ያየዋል፦ የግለሰብ፣ የባህልና የመዋቅር። የግለሰቡ አመለካከት በባህሉ ውስጥ ይበቅላል፤ ባህሉም በሥልጣንና በሀብት ክፍፍል ላይ ይቆማል። የምኒልክ አዋጅ የዚህ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል፤ የሰውየውን ምላስ ቢገታም ልማዱ በቦታው ነበር። መሬት የሌለው ሸክላ ሠሪም ያው መሬት አልባ ሆኖ ቆየ።

በግለሰብ ደረጃ የሚፈጸመው መድልዎ ብዙውን ጊዜ ባለሙያው ራሱ ሳያውቀው የሚሠራው ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ቢሮ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፦ አክብሮትን በግሱ ውስጥ ማስገባቱ። ሱፍ ለብሶ የመጣውን የሠላሳ ዓመት ሰው «ይቀመጡ» ያለ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ የገቡትን የሰባ ዓመት የኔ ቢጤ «ምን ፈለግሽ?» ብሎ ሲያናግር ይሰማል። ሕግ አልጣሰም፤ ሴትዮዋ ግን ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት ስንት እንደሚያወጡ ተነግሯቸዋል። የቤት ለቤት ጉብኝትም እንዲሁ ይፈትናል። ሥጋ ደዌ ጣቶቿን የጎዳባት እናት ቡና አፍልታ ሲኒውን ስትዘረጋ፣ «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» የምትለዋ ጨዋ ሰበብ ከእንሰት ቅጠሉ ብዙም አትርቅም። በሽታው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉን ያቆማል፤ በዘርም አይወረስም። ይህን ለሌሎች የሚያስተምረው ባለሙያ ራሱ ሲኒውን ካልተቀበለ ትምህርቱን ማን ይሰማዋል?

ከንፈር መምጠጥም ከዚህ አይለይም። ዓይነ ስውሯን ትቶ መሪዋን «ስሟ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ክፋት የለበትም፤ አዝኖላታል። ያዘነላት ግን እንደ ዕቃ ነው።

ቀጥተኛ ያልሆነ መድልዎ ሁሉን እኩል የሚመስል ደንብ ይዞ ይመጣል። «የቀበሌ መታወቂያ ያቅርቡ» የሚለው መስፈርት ለማንም ተብሎ አልተጻፈም፤ ቋሚ አድራሻ የሌለውን የጎዳና ነዋሪ ግን ከበር ይመልሰዋል። የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውን ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያደረገ ኃላፊም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትን አስቦ አላገለለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። በዚህ ረገድ ከሁሉም ጠንካራው ግን ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አካል ጉዳተኛው በቅጥር ተበድያለሁ ብሎ ሲከስስ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ቀጣሪው ያዞራል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ባለጉዳይ ጥቂት ስለሆነ፣ እሱን መንገር ብቻውን ከባድ እርዳታ ነው።

መድልዎ ሲደራረብ ደግሞ የአንዱ ብቻ መፍትሔ አይሠራም። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሊ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ያስተዋወቀችው ሐሳብ ይህ ነው። መስማት የተሳናት የሸክላ ሠሪ ልጅ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ አስተርጓሚ አታገኝም፤ መስማት የተሳናቸው ማኅበር ውስጥ የትውልድ ሐረጓ ይጠየቃል፤ በሰፈሯ ደግሞ ሴት ናት። ሦስቱም ቦታ በሩ ክፍት ነው ይባላል።

መገለል ወደ ውስጥም ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ዛሬ አለርት በሚባለው ሆስፒታል ዙሪያ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና መጥተው ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉ ብዙዎች መንደር መሥርተው ኖረዋል። «ማን ይቀበለኛል?» ብሎ ሳይሞክር የቀረ ሰው የከለከለው ማንም የለም፤ የራሱ ፍርድ ቀድሞታል። በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ማቋቋማቸው በዚህ ዓይን ሲታይ ከመዋጮው ይልቅ ለድምፁ ሲባል ትልቅ ነገር ነው።

ሙያው ራሱ በአገሪቱ ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። የመጀመሪያው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተከፍቶ ከአብዮቱ ጋር ተዘጋ፤ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሙያው ትርጉም ማኅበራዊ ፍትሕን፣ ሰብዓዊ መብትንና ብዝኃነትን ማክበርን መሠረቱ ያደርጋል። እዚህ ላይ ግጭት አለ፦ ባለሙያው መድልዎን እንዲታገል ይጠበቅበታል፣ ደመወዙን የሚከፍለው ግን ብዙውን ጊዜ ያው መታወቂያ የሚጠይቀውን ቅጽ ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ነው። ቅጹን ባይቀይረው እንኳ ስንት ሰው እንደመለሰ መዝግቦ ለአለቃው ማቅረብ ይችላል።

መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ቃል ግን በእጁ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት «ሴተኛ አዳሪ» ተብላ የተመዘገበች ሴት ዛሬ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታቀርብ ልትሆን ትችላለች። ለብድር ዋስትና ደብዳቤ ስትመጣ አዲሱ ሠራተኛ ማኅደሯን ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ እሷ በር ላይ ቆማ ሳለች የመጀመሪያውን መስመር ያነባል።