የምርጫ ክልል ምንድን ነው? የላንካስተርና የፍሊትውድ ነገር

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ፍሊትውድ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ዳሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ፣ ከዋየር ወንዝ ማዶ ኖት ኤንድ የምትባል መንደር ትታያችኋለች። ጮክ ብሎ ቢጠሩ የሚሰማ ይመስላል። በትንሿ ጀልባ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ጀልባዋ ከሌለች ግን መከራ ነው። በመኪና ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ፣ ድልድይ ጋ ደርሶ፣ ተሻግሮ፣ በወዲያኛው ዳር ተመልሶ መውረድ ነው።

ከ2010 እስከ 2024 (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱ ዳርቻዎች አንድ የፓርላማ አባል ነበራቸው። አባሉ የነሱ ብቻም አልነበረም። ወዲያ ያለችው የላንካስተር ከተማም፣ ዩኒቨርሲቲዋም የሱ ነበሩ። የምርጫ ክልሉ ስም "ላንካስተርና ፍሊትውድ" ነበር። ታዲያ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በመኪና ለመሄድ ከምርጫ ክልሉ መውጣት፣ የሌላ ተመራጭን ሠፈር ማቋረጥና እንደገና መግባት ያስፈልግ ነበር። ይህን ያሰመረው ሰው ጤነኛ ነው?

ጤነኛ ነው። እንዲህ ያደረገው ሒሳቡ ነው።

"ክልል" ሲባል አማራ ክልል፣ ሶማሌ ክልል እንዳይመጣባችሁ። የምርጫ ክልል መንግሥት የለውም፣ በጀት የለውም፣ ፖሊስ የለውም። ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። በመስመሩ ውስጥ ያለው መራጭ አንድ ሰው ይመርጣል፣ ያ ሰው ለንደን ሄዶ ፓርላማ ይቀመጣል። ብሪታንያ ውስጥ 650 የምርጫ ክልሎች አሉ፤ ዛሬ 543ቱ እንግሊዝ ውስጥ ናቸው። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54ም የሚለው ይህንኑ ነው፦ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ይገባል።

ግራ የሚያጋባው አሰማመሩ ነው። መስመሩን የሚያሰምረው ከፓርቲዎች ገለልተኛ የሆነ ኮሚሽን ነው። ዋናው ግዴታው የመራጩን ቁጥር ማመጣጠን ነው። ለ2024ቱ ምርጫ በተሠራው ካርታ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከ69,724 እስከ 77,062 መራጭ እንዲይዝ ሕግ አስገድዷል። ከዚህ ነፃ የሆኑት አምስት የደሴት ክልሎች ብቻ ናቸው። በቀድሞው ካርታ ጊዜ ደንቡ እንዲህ የጠበቀ አልነበረም፤ ችግሩ ግን ያው ነው። ፍሊትውድ ለብቻዋ አንድ መቀመጫ አትሞላም። ላንካስተርም አትሞላም። ስለዚህ ያለ ጥሎሽ ይጋባሉ።

ፍሊትውድን ትንሽ እንያት፤ ታሪኳ ደስ ይላል፣ ያሳዝናልም። የተቆረቆረችው በ1830ዎቹ ነው። ፒተር ሄስኬዝ ፍሊትውድ የሚባል ባለርስት፣ እሱ ራሱ የፓርላማ አባል፣ ዲሲመስ በርተን የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት ቀጥሮ ከባዶ አሸዋ ላይ ከተማ አስነደፈ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ከለንደን የሚመጣው ባቡር እዚህ ያበቃል፣ ወደ ስኮትላንድ የሚሄደው መንገደኛ ከዚህ በመርከብ ይቀጥላል። ባቡሩ በ1840 ገባ። ለመንገደኛው የተሠራው ትልቁ ሆቴል በለንደኑ የኡስተን ጣቢያ ስም "ኖርዝ ኡስተን" ተባለ። ንግሥት ቪክቶሪያም በ1847 ከስኮትላንድ ስትመለስ እዚሁ ወርዳለች። ግን ሰውየው አልቀናውም። ተራራውን አቋርጦ ወደ ስኮትላንድ አቅጣጫ የሚያመራው የባቡር ሐዲድ በ1846 ተከፍቶ ነበር። መርከብ ማን ይፈልጋል? ባለርስቱ በዕዳ ተዘፈቀ።

ከተማዋን ያተረፋት አሳ ነው። መርከቦቿ እስከ አይስላንድ ባሕር ድረስ እየሄዱ ያጠምዱ ነበር። ለአጥማጆቹ ብርድና ሳል ተብሎ በ1865 አንድ የከተማዋ ፋርማሲስት የቀመመው መድኃኒት ዛሬ "ፊሸርማንስ ፍሬንድ" ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚሸጠው የሚያቃጥል ከረሜላ ነው፤ አሁንም የሚመረተው እዚያው ነው። በ1975 ግን አይስላንድ ባሕሯን 200 ማይል ድረስ ዘጋች፣ በ1976 ብሪታንያም ተቀበለች። የፍሊትውድ አሳ ማጥመድ ወገቡ ተሰበረ። የመንገደኛ ባቡሩ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1970 ቀርቷል። ዛሬ ከተማዋን ከጎረቤቷ ከብላክፑል ከተማ ጋር የሚያገናኛት ትራም ነው። ልብ በሉ፣ ሐዲዱ የሚወስዳት ወደ ብላክፑል እንጂ ወደ ላንካስተር አይደለም።

ላንካስተር ሌላ ዓለም ናት። ቤተ መንግሥት የሚያህል ጥንታዊ ግንብ አላት፤ እስከ 2011 እስር ቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲዋ በ1964 የተከፈተ ሲሆን ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ለብቻው ተቀምጧል።

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍታችሁ ምርጫ ስታካሂዱ ውጤቱ ምጥ ነው። በ2010 ኤሪክ ኦለረንሾ የሚባሉ የወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰው፣ የቀድሞ የታሪክ መምህር፣ በ333 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። 333 ሰው ማለት በሦስት አንበሳ አውቶብስ ተጠጋግቶ የሚሄድ ሰው ነው። በ2015 የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲዋ ካት ስሚዝ በ1,265 ድምፅ ወሰደችው። እሷ ራሷ እዚያው ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት። በ2017 ብልጫዋ ወደ 6,661 ዘለለ፤ በ2019 ደግሞ ወደ 2,380 ወረደ።

መሐል ላይ ያለው የ2016ቱ የብሬግዚት ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የተባለበት። ድምፁ የተቆጠረው በምርጫ ክልል ሳይሆን በየማዘጋጃ ቤቱ የአስተዳደር ወሰን ነበር። ፍሊትውድ ያለችበት፣ በወንዙ ስም የሚጠራው የዋየር አካባቢ 64 በመቶ ገደማ "እንውጣ" አለ። ላንካስተርና አጎራባቿ የሞርካም የባሕር ዳርቻ ያሉበት አካባቢ ደግሞ 51 በመቶ ገደማ፣ ለሁለት ተከፍሎ ማለት ነው። አሁን ራሳችሁን በካት ስሚዝ ቦታ አስቀምጡ። የአውሮፓ የአሳ ኮታ አንገሽግሾት የኖረ ባለመርከብ የእናንተ መራጭ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ስፔን ሄዳ ለመማር የምታስብ ተማሪም የእናንተ መራጭ ናት። ለማን ትናገራላችሁ? እንደ እኔ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ያለ ፖለቲከኛ ቢያንስ ሁለቱንም ለመስማት ይገደዳል። የፍሊትውድ ሰው "እኛ በስሙ ላይ ጅራት ነን" ቢል ግን አልፈርድበትም።

ስለ ተማሪ ድምፅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብሪታንያ ተማሪ በወላጆቹ ቤትም በዩኒቨርሲቲው ከተማም መመዝገብ ይችላል። በአገር አቀፍ ምርጫ ግን ድምፅ የሚሰጠው በአንዱ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቴ መስጠት ወንጀል ነው። ስለዚህ የምርጫው ቀን ራሱ ፖለቲካ ነው። በግንቦት ከሆነ ተማሪው ግቢ ውስጥ ነው። በ2024 ሐምሌ 4 ሲሆን አብዛኛው ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። መታወቂያ ማሳየትም ግዴታ ሆኖ ነበር። የአረጋውያን የአውቶብስ ካርድ ያገለግላል፤ የተማሪ መታወቂያ ግን አያገለግልም። ይህን ያወጣው ሰው ተማሪ እንዳልነበረ እገምታለሁ።

ደግሞ ለእኛ ሰው፦ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የኬንያ ወይም የናይጄሪያ ዜጋ፣ አገሩ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባል ስለሆነ፣ ለብሪታንያ ፓርላማ መምረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው፣ የብሪታንያ ዜግነት እስካላገኘ ድረስ፣ የክፍል ጓደኞቹ ሲመርጡ ቆሞ ያያል።

በ2024 ጋብቻው ፈረሰ። ፍሊትውድ ትራሙን ተከትላ ሄደች፤ ክልሉ "ብላክፑል ሰሜንና ፍሊትውድ" ተባለ። ላንካስተር ከገጠሩ ጋር "ላንካስተርና ዋየር" ሆነች፣ ካት ስሚዝም እዚያ አሸነፈች። የሚያስቀው፣ ከ1997 እስከ 2010 የነበሩት ክልሎች ስማቸው እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። አሥራ አራት ዓመት ተዟዙረው ወደ ድሮ ስማቸው ተመለሱ። ኖት ኤንድ የቀረችው ከላንካስተር ጋር ነው። እናም ጀልባዋ በምትሠራበት ቀን፣ ፍሊትውድ ላይ ተሳፍሮ ማዶ የሚወርድ ሰው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ የፓርላማ ተወካይ ይቀይራል።