የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባልነት፦ ሥራው፣ ደመወዙና መንገዱ

በአሜሪካ 50 ክፍለ ግዛቶች ከ7,300 በላይ የምክር ቤት አባላት አሉ። የትምህርት ቤት በጀት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የወንጀል ቅጣት፣ የሐኪሞች የሥራ ፈቃድ፣ የምርጫ አካሄድ፤ አብዛኛው የሚወሰነው ዋሽንግተን ሳይሆን እነሱ ዘንድ ነው። ይህን የሚያህል ሥልጣን የያዘ ሰው ግን በብዙ ቦታ የምክር ቤት ደመወዙ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃውም። ስለዚህ ነገሩን ከገንዘቡ እንጀምረው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኒው ሃምፕሻየር ለአንድ አባል በሁለት ዓመት የምትከፍለው 200 ዶላር ነው። ይህ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ የገባው በ1889 ነው። ያኔ ደህና ገንዘብ ነበር፤ ዛሬም ንቅንቅ አላለም። የታችኛው ምክር ቤቷ 400 መቀመጫ አለው። ሕዝቧ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ስለሆነ አንድ አባል የሚወክለው 3,500 ሰው ያህል ነው። አብዛኞቹ የግል ቢሮም ረዳትም የላቸውም። መራጭ ቅሬታ ሲኖረው ስልኩን የሚያነሳው ራሱ ተመራጩ ነው።

ኒው ሜክሲኮ ደግሞ ለረጅም ዘመን ያለ ደመወዝ፣ በውሎ አበል ብቻ ስታሠራ ኖራለች። ቴክሳስ በወር 600 ዶላር ትከፍላለች። የኔቫዳ መደበኛ ጉባኤ በሁለት ዓመት አንዴ ለ120 ቀናት ይካሄዳል፤ ደመወዝ የሚታሰበው ግን ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ብቻ ነው። በሌላው ጫፍ ኒው ዮርክ በዓመት 142 ሺህ ዶላር፣ ካሊፎርኒያ ከ120 ሺህ በላይ ይከፍላሉ። እዚያ አባልነት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ቢሮም ሠራተኛም አለው።

የክፍያው ማነስ መነሻው ክፋት አይደለም። ገበሬው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ለጥቂት ወራት መጥቶ ሕግ አውጥቶ ወደ ሥራው ይመለስ ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። ግን ከጥር እስከ ግንቦት ክፍሉን ጥሎ የሚጠፋን መምህር የትኛው ትምህርት ቤት ይታገሠዋል? በሰዓት የምትከፈል ነርስስ ምን ትሁን? ስለዚህ ጡረተኞች፣ ጠበቆችና የራሳቸው ድርጅት ያላቸው ሰዎች ለዚህ ወንበር ይቀርባሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ኪራይ ሕግ ሲረቀቅ ከአርቃቂዎቹ መካከል ተከራይ ከሌለ፣ ሕጉ የሚጻፈው በባለቤቶች ዓይን ነው።

ለመግባት የሚጠየቀው ራሱ ብዙ አይደለም። ዜግነት፣ በወረዳው መኖር፣ ዕድሜ። ቴክሳስ ለታችኛው ምክር ቤት 21፣ ለላይኛው ማለትም ለሴኔት 26 ዓመት ትጠይቃለች። ብዙዎች የሚጀምሩት ከከተማ ምክር ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ቦርድ ነው። አብዛኛው ወረዳ ለአንድ ፓርቲ ያጋደለ በመሆኑ ዋናው ትንቅንቅ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ላይ ነው። ከዚያ በር ለበር ማንኳኳት ነው። በ1896 በዩታ ማርታ ሂዩዝ ካነን የተባለች ሐኪም ካሸነፈቻቸው ተወዳዳሪዎች መካከል የገዛ ባሏ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት የክፍለ ግዛት ሴናተር እሷ ናት። ኔቫዳ በ2019 ሴቶች የሚበዙበትን የመጀመሪያውን ምክር ቤት እስክታይ ከ120 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከነብራስካ በቀር ሁሉም ሁለት ምክር ቤት አላቸው። የታችኛው የሥራ ዘመን በአብዛኛው ሁለት፣ የሴኔቱ አራት ዓመት ነው። ረቂቅ ሕግ በሁለቱም አልፎ አገረ ገዢው ፊርማውን ያኖርበታል ወይም ይጥለዋል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። የሥራው ልብ ግን ኮሚቴው ነው። ረቂቁን ያቀረበው አባል ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ያስረዳል። ከኋላው የተመዘገቡ ተናጋሪዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። የኢንሹራንስ ኩባንያ ሎቢስት (ሕግ አውጪዎችን እንዲያግባባ የሚከፈለው ሰው) ይናገራል፤ ቀጥላ ልጇን በአደጋ ያጣች እናት ያንኑ ያህል ደቂቃ ታገኛለች። ስብሰባው ሲበተን ግን ሎቢስቱ ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። እናትየዋ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። በብዙ ቦታ ሰብሳቢው ረቂቁን ለድምፅ ካላቀረበው እዚያው ያልቃል። አዲስ ገቢዎች ቶሎ የሚማሩት ይህንን ነው፤ ኮሚቴ የሚመድበው ብዙውን ጊዜ አፈ ጉባኤው ስለሆነ ከእሱ ጋር መኳረፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ጉባኤው ሲዘጋም ሥራው አይዘጋም። የሥራ አጥ ክፍያ የዘገየበት፣ ፈቃዱ የታገደበት፣ መንገዱ የተበላሸበት ሁሉ ይደውላል። የአንድ የቴክሳስ ሴናተር ወረዳ ከ900 ሺህ በላይ ሰው አለው፤ ዋሽንግተን ካለ የኮንግረስ ተወካይ ወረዳ ይበልጣል። በ600 ዶላር!

ቆይታው እንደ ቦታው ነው። ካሊፎርኒያ በጠቅላላው 12 ዓመት ብላ ገድባለች። የጊዜ ገደብ አዲስ ፊት ያመጣል፤ በእኔ እምነት ግን ልምዱን ወደ ሎቢስቶችና ወደ ቢሮ ሠራተኞች ያሸጋግራል። ገደብ በሌለባት ዊስኮንሲን ፍሬድ ሪሰር ከ1957 እስከ 2021 አገልግለዋል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ሩቅ ይሄዳሉ። አብርሃም ሊንከን በ1832 ተሸንፎ በ1834 ኢሊኖይ ምክር ቤት ገባ፤ ጠበቃ የሆነውም አባል እያለ ነው። ባራክ ኦባማ እዚያው ሴናተር ሳሉ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር። ጂሚ ካርተርም የጆርጂያ ሴናተር ነበሩ። ሌሎች ሎቢስት ይሆናሉ። በቴክሳስ ደግሞ የአባላቱ ጡረታ ሲሰላ የኖረው ከራሳቸው 600 ዶላር ሳይሆን ከዳኞች ደመወዝ ነው። ስለዚህ ብዙ ዓመት ያገለገለ አባል ሲወጣ የሚያገኘው ጡረታ ሲሠራ ይከፈለው ከነበረው በብዙ ሊበልጥ ይችላል።