የኢነርጂ አስተዳደር ሥርዓት ምንድን ነው? የመብራት ሂሳብ ስለወረደ ብቻ «ቆጠብን» አይባልም

«የጅማ ፋብሪካዎች የኢነርጂ አስተዳደር ሥርዓት ገዝተው ያስገጥሙ» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አየሁ። በጣም ታከተኝ። ዲጂታል ቆጣሪውም ሶፍትዌሩም መረጃ ይሰጣሉ፣ ጥሩ ነው፤ ሥርዓቱ ግን እነሱ አይደሉም፤ ሥርዓት ማለት ኢነርጂን የመከታተልና የመቆጠብ ቋሚ አሠራር ነው። አይኤስኦ 50001 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ (እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2018 ተሻሽሏል) ይህን ማሽን ግዙ አይልም። ኃላፊው ማን ነው፣ ብዙ መብራት የሚበላው የቱ ነው፣ መነሻው (ለውጥ ከመደረጉ በፊት የነበረው ፍጆታ) ስንት ነበር፣ ለውጡስ በምን ይለካል ነው የሚለው።

ያው አስተያየት ሰጪ የአንድ ቡና መፈልፈያ የመብራት ሂሳብ በጣም ስለቀነሰ «ሥርዓቱ ሠርቷል» ብሏል። ወዳጄ፣ እዚህ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ሲያልቅ ማሽኑ ይቆማል፣ ሂሳቡም ይወርዳል። ቁጠባ የታለ?

የእንጀራ ምጣድ አስቡ። 5 እንጀራም ተጋገረ 40፣ ምጣዱ እስኪግል የሚሄደው መብራት ያው ነው። ከዚያ እያንዳንዱ እንጀራ የራሱን ይጨምራል። ፋብሪካም ምርት ኖረ አልኖረ የሚሄድ ቋሚ ፍጆታ አለው፣ በላዩ ላይ ደግሞ በምርቱ ልክ የሚጨምር። እንግዳ ባልመጣበት ሳምንት ትንሽ የጋገረች እናት ቆጠበች አይባልም። ቆጠበች የሚባለው ያንኑ 40 እንጀራ ባነሰ መብራት ስታወጣ ነው፦ ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱን ሳትሰካ፣ በደንብ የሚገጥም አክንባሎ ይዛ፣ ሁለት ቀን ከፋፍላ ሳይሆን አንዴ ጋግራ፣ የመጨረሻዎቹን ደግሞ ሶኬቱን ነቅላ በቀረው ግለት አውጥታ። አዲስ ምጣድ አልገዛችም። ግን እሷ ስትታመም የሚተካት ሰው እንደዚያው ካልጋገረ፣ የነበረው የእሷ ጉብዝና ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥም ጎበዙ ቴክኒሻን ሲለቅ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት የሚመለሰው ለዚህ ነው።

«ግልገል ጊቤ አጠገባችን ሆኖ ምን ቁጠባ ያስፈልገናል፣ ደግሞስ መብራት ሻጭ ለምን ቆጥቡ ይላል?» የሚሉም አሉ። ቁጠባው አዲስ ማመንጫ ከመገንባት ሲረክስ ለሻጩም ያዋጣዋል። ቦንቪል ፓወር አድሚኒስትሬሽን የሚባለው የአሜሪካ ተቋም ራሱ በብዛት የሚሸጠው የግድብ ኃይል ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ ቁጠባን ከሌሎች የኃይል ምንጮች እንዲያስቀድም አዞታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመረው የኢንዱስትሪ ፕሮግራም ለፋብሪካዎች የሚሰጠው ድጎማ ለዕቃ ብቻ አልነበረም። ፋብሪካው ውስጥ ኢነርጂን ለሚከታተለው ሰው ደመወዝም ይደግፍ ነበር። እኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ዕቃ ሰጥቶ መሄድማ ቀላል ነው።

ካፓሲተር ባንክ ገጥመው «ኢነርጂ ቆጠብን» የሚሉም አሉና ልጨምር። ካፓሲተሩ የፓወር ፋክተር ቅጣትን (ከመስመሩ ከሚወሰደው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ ሲያንስ የሚከፈለውን) ያስቀራል እንጂ ሞተሩ የሚበላውን ኪሎዋት ሰዓት እምብዛም አይነካም። መብራት ደጋግሞ በጠፋበትና ፋብሪካው በጄኔሬተር በሠራበት ወር ላይም የቆጣሪው ንባብ ይወርዳል። ስለዚህ የጄኔሬተሩ ናፍጣ በሊትር፣ የተፈለፈለው ቡና በኩንታል፣ መብራቱ በኪሎዋት ሰዓት በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የቡና ወቅት ሳይመዘገብም መነሻ ተገኘ አይባል።