አር እና የዳሰሳ ጥናት ዳታ

አር ለስታቲስቲክስ ሥራ የተፈጠረ ነጻ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አሠራሩን የወረሰው በቤል ላቦራቶሪዎች ከተሠራው «ኤስ» ነው። ቨርዥን 1.0.0 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። ተጨማሪ ፓኬጆቹ ክራን ከተባለው ማከማቻ ያለ ክፍያ ይወርዳሉ።

አጠቃቀሙ በእውነተኛ ፋይል ላይ ሲታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶች ፋይል 15,683 ረድፍ ብቻ አለው፤ ዓምዶቹ ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። አር ዳታውን በሙሉ ራም ላይ ስለሚጭን፣ አንዱ ቁጥርም እስከ 8 ባይት ስለሚይዝ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይከብደዋል። በሄቨን ፓኬጅ የስታታውን (የሌላ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ፋይል ሲከፍቱ የሚፈለጉትን ሃያ ሠላሳ ዓምዶች ብቻ መርጦ ማስገባት ይበቃል።

ቀጥሎ ክብደት፤ እያንዳንዷ ተጠያቂ በስሌቱ ውስጥ የሚኖራት ድርሻ ማለት ነው። ቪ005 የተባለው ዓምድ ነጥቡ ተነሥቶ ስለተጻፈ ለ1,000,000 ይካፈላል። ቢረሳ አማካዩ አይለወጥም፤ ድምሩ ግን ሚሊዮን ጊዜ ያብጣል። ከዚያ በሰርቬይ ፓኬጅ ክብደቱ፣ ክላስተሩ (ተጠያቂዎቹ የተመረጡበት አካባቢ) እና ስትራታው (ናሙናው አስቀድሞ የተከፈለበት ምድብ) አንድ ላይ ይገለጻሉ። የገጠር ሴቶችን ብቻ ለይቶ ማውጣት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ የቆረጠ ሰው የስሕተት ህዳጉ ይዛባበታል፤ አንዳንዴም አር «ስትራታው ውስጥ አንድ ክላስተር ብቻ ቀርቷል» ብሎ ይቆማል። ቆሞ መናገሩስ ደግ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ ሲያሰላ ነው።

እንዲህ ዝም ብለው ከሚያሳስቱት ቀን አንዱ ነው። በዚህ ጥናት ቀኖቹ የተመዘገቡት ከ1900 ጀምሮ በተቆጠሩ ወራት፣ ያውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጥር 2008 ማለት 108 በ12 ተባዝቶ 5 ሲደመርበት፣ 1301 ነው። ወደ እ.ኤ.አ. ለመለወጥ 92 ሲጨመር 1393 ይሆናል፤ ጃንዋሪ 2016 ማለት ነው። የልጅ ዕድሜ ሲሰላ ሁለቱም ቀን ከአንድ ፋይል ስለሚመጣ ልዩነቱ አይታወቅም። ፋይሉ በእ.ኤ.አ. ከተመዘገበ የዝናብ መረጃ ጋር ሲጋጠም ግን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይዛነፋል።

በእጅ የገባ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዓምዱ ውስጥ ጥቅምት 30ን «2008-02-30» ብሎ ለጻፈ፣ አር ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያነብ ቀኑን ኤንኤ (የጎደለ መረጃ) ያደርገዋል። ጥቅምት 29 ግን ያልፋል፤ ፌብሩዋሪ 29 ሆኖ። ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም።

ከሁሉ የሚከፋው በሕፃናቱ ፋይል ያለው ኤችደብልዩ70 ነው። የቁመት ለዕድሜን ዚ-ስኮር (የልጁ ቁመት ከእኩዮቹ መደበኛ ቁመት ያለውን ርቀት) በመቶ አባዝቶ ይይዛል፤ ከ-200 በታች የሆነ ልጅ ቀንጭሯል ማለት ነው። 9998 ግን ልኬት ሳይሆን ውድቅ የተደረገ መዝገብ ነው። ወደ ኤንኤ ካልተለወጠ ልጁ እንዳልቀነጨረ ይቆጠራል፣ ምጣኔው ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ አር በሚጻፍበት አርስቱዲዮ ላይም አንድ ቀይ የስሕተት ጽሑፍ አይታይም።